"ይሄ አንበሳ አገሩ የት ነው?" ከጋይንት የመጣ ልጅ ጥያቄ እና የከተማችን አራዊት ማቆያ

ነገሩ የጀመረው በአንድ ልጅ ጥያቄ ነው።

ሰሞኑን አክስታችን ከታች ጋይንት ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ሪፈር ተጽፎላቸው፣ ቀጠሮ ይዘው፣ የ11 ዓመት ልጃቸውን አስከትለው። ቀጠሮው በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ሳምንት ሙሉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ለገጠር ሰው እስር ቤት ነው። ልጁም ከመስኮቱ አልነቀል አለ። በመጨረሻ ቤት ውስጥ ተመካከርንና "እንግዲህ ልጁ አንበሳ ይይ" ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሆነን ወጣን፤ አክስታችን፣ ልጃቸው፣ እኛና ታናናሾቻችን። ታክሲ ውስጥ አክስታችን ቀስ ብለው ጠየቁን።

"እንዲያው ዝንጀሮም አለ ይሆን እዚያ?"

"ሊኖር ይችላል እትዬ፤ ምነው?"

"እሱንማ ለማየት ይከፈላል እንዴ! የሚያባርርልን ብናገኝ እኛ በከፈልን።"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። የጋይንትን ወይ የስማዳን ቆላ የሚያውቅ ሰው ግን ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ማሽላው ሲያሸት ልጅ ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከንጋት እስከ ማታ ዝንጀሮ ሲጠብቅ የሚውልበት አገር ነው። እኛም ጠብቀናል። ስለዚህ ለእኛ ሰው "የዱር እንስሳ" ማለት የሽርሽር ነገር አይደለም፤ የእህል ጉዳይ ነው።

ብቻ ደረስን። አራት ኪሎ፣ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ አንድነት ፓርክ። ከአንበሳው ፊት ለፊት ቆምን። አንበሳው ተኝቷል (አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል፤ ስታዩት ቢተኛ አትናደዱ)። ልጁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ዞር ብሎ ጠየቀን።

"ጋሼ፣ ይሄ አንበሳ አገሩ የት ነው?"

መመለስ አቃተን። "ኢትዮጵያ" አልነው። "እሱማ እኔም ከኢትዮጵያ ነኝ፤ አገሩ የት ነው?" አለን። ልክ ነው፤ በእኛ አማርኛ "አገርህ የት ነው?" ሲባል መልሱ "አርብ ገበያ" ወይም "ወገዳ" ወይም "መካነ ኢየሱስ" ነው እንጂ "ኢትዮጵያ" አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ያልመለስንለትን መልስ የፈለግንበት ነው። ስንፈልገው ደግሞ ነገሩ ከአንበሳ አልፎ የመንገድ፣ የትምህርት ቤትና የተራራ ጉዳይ ሆኖ አገኘነው።

▪️ አንበሳና ቤተ መንግሥት

በሌላው ዓለም የከተማ አራዊት ማቆያ ብዙውን ጊዜ ከሳይንስ ማኅበር ወይም ከከተማ አስተዳደር ይወለዳል። በእኛ አገር ግን የተወለደው ከቤተ መንግሥት ነው። አንበሳ ዘውድ ነበር፣ ማኅተም ነበር፣ ዙፋን አጠገብ የሚታሰር የኃይል ምልክት ነበር። ዛሬም ኪሳችሁ ውስጥ ሳንቲም ካለ አውጥታችሁ እዩት፤ አንበሳው እዚያው ነው።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ሲያደርጉ አብረዋቸው የተገሩ አንበሶች ነበሩ። በዚያ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ንጉሡን በአንበሶች መሃል ተቀምጠው እንግዳ ሲቀበሉ ሥለዋቸዋል። ሥዕሉን ሳታዩት አትቀሩም፤ በየመጽሐፉ አለ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲሄዱ ያለፉት በእኛው ሰፈር ነው።

ወደ ጎንደር ከተማ ስትሄዱ ደግሞ በፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤቶቹ ዛሬም ቆመዋል። ባዶ ናቸው እንጂ። እስከ 1984 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ አንበሳ ይኖርባቸው ነበር። ማለትም የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ትውልድ ጎንደር ከተማ ወርዶ አንበሳ የማየት ዕድል ነበረው። እኛ የለንም። ከጋይንት ተነስቶ በከተማ ውስጥ አንበሳ ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ዛሬ የሚሄደው አዲስ አበባ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ታሪኩ ሁለት ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያው ስድስት ኪሎ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት አንበሳ ግቢ። ሁለተኛው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀው አንድነት ፓርክ ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ግብር አዳራሽ፣ የዙፋን ቤቱ፣ የክልሎች ማሳያ፣ ከዚያም ባለጥቁር ጎፈር አንበሳ። ስታስቡት ይገርማል። አንበሳው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሕዝብ መናፈሻ ሄደ፤ ከ70 ዓመት በኋላ ሕዝቡ ራሱ ቤተ መንግሥት ገብቶ አንበሳ እንዲያይ ተጋበዘ።

ጥሩ ነገር ነው። አክስታችን ራሳቸው የምኒልክን አዳራሽ ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የገቡት። ግን የዘር ሐረጉን እንያዝ፤ የእኛ አራዊት ማቆያ ሲጀመር የተሠራው "ይህ ኃይላችን ነው" ለማለት ነው። "ይህ እንስሳ እንዴት ይኖራል? ከየት መጣ? እንዴት ይትረፍ?" የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ ነው።

▪️ ስድስት ኪሎ፦ ኩራት ብቻውን አያበላም

እኛ አንበሳ መጀመሪያ ያየነው ስድስት ኪሎ ነው፤ በልጅነት፣ ክረምት ላይ፣ ከአባታችን ጋር። በዚያ አካባቢ የተማረ ወይ የኖረ ሰው የአንበሶቹን ድምፅ ማታ ማታ ይሰማው እንደነበር ይነግራችኋል። ለእኛ ያ ድምፅ አዲስ አበባ ማለት ነበር።

ግን ከዚያ ድምፅ ጀርባ ምን እንደነበር ያወቅነው አድገን ነው።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2006) አንድ ዜና ዓለምን ዞረ። የአዲስ አበባው አንበሳ ግቢ የሚወለዱትን የአንበሳ ግልገሎች ለማኖር ቦታና ገንዘብ ስላጣ፣ የተወሰኑት በመርዝ እየተገደሉ ቆዳቸው ለጌጥ ለሚያደርቁ ሰዎች ይሸጥ ነበር። የአንዱ ዋጋ ወደ 170 ዶላር ነበር። የብሔራዊ ምልክታችን ግልገል ማለት ነው። ጩኸቱ ከአገር ውስጥም ከውጭም በረታ።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012፣ ሌላ ዜና መጣ። የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከእነዚሁ አንበሶች ከ15ቱ የዘረመል ናሙና ወስደው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ የአዲስ አበባዎቹ ካነጻጸሯቸው የዱር አንበሶች ሁሉ በዘረመል የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ወንዶቹ ጎፈራቸው ጥቁር ሆኖ እስከ ደረትና ሆድ ይወርዳል። አጥኚዎቹም "እነዚህን በጥንቃቄ ማራባት ያስፈልጋል" አሉ።

ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ2006 "ትርፍ" ተብለው የተወገዱት ግልገሎች፣ በ2012 "ሌላ ቦታ የማይገኙ" የተባሉት አንበሶች ወገን ናቸው። ምን እንደያዝን ሳናውቅ ነው የጣልነው።

እዚህ ላይ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የበጀት ሂሳብ ቀላል ነው፤ አንበሳ ሥጋ ይበላል፣ ሥጋ ብር ነው፣ የመግቢያ ትኬት ደግሞ ሥጋውን አይሸፍንም። ግን ትምህርቱ ይኼ ነው፦ ምልክት ማድረግና መንከባከብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሳንቲም ላይ የተቀረጸ አንበሳ ምግብ አይጠይቅም፤ ግቢ ውስጥ ያለው ግን ይጠይቃል።

▪️ "አገሩ የት ነው?"

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ።

የስድስት ኪሎዎቹ አንበሶች ቅድመ አያቶች የተያዙት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደሆነ ይነገራል። ይህ የመልሱ አንዱ ክፍል ነው።

ለጋይንት ልጅ ግን የበለጠ የሚቀርበው መልስ ሌላ ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ (ፌብሩዋሪ 2016) ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን በካሜራ አረጋገጡ። አላጥሽ የት ነው? ቋራ። አማራ ክልል፣ ከሱዳን ድንበር ላይ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የተያያዘ ምድር። ተመራማሪዎቹ በሁለቱ ፓርኮች በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል ገመቱ። የአካባቢው ሰው ግን ድሮም "አለ" ይል ነበር፤ የሚሰማው አላገኘም እንጂ።

ቋራ ደግሞ የማን አገር ነው? የካሳ ኃይሉ፤ አፄ ቴዎድሮስ የሆኑት። ደብረ ታቦር ላይ አንበሳ አጠገባቸው አስቀምጠው የነገሡት ሰው የተወለዱበት ምድር እስከ ዛሬ አንበሳ አለበት ማለት ነው።

ስለዚህ ለልጁ ልንለው የሚገባን ይህን ነበር፦ "አንበሳ አገሩ ሩቅ አይደለም። በራስህ ክልል፣ ከጣና ማዶ፣ ቋራ ነው። አንተ ግን እሱን ለማየት ወደ ሌላ አቅጣጫ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጥተሃል።"

▪️ ማን ያያል? ማን አያይም?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የወቅቱ ጉዳይ የሚሆነው።

ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ፓርክ በፓርክ ሆናለች። አንድነት፣ ወዳጅነት፣ እንጦጦ። ለከተማው ልጅ ጥሩ ነው፤ መጫወቻ ያጣ ትውልድ ነበር። ለሩቅ ወረዳ ቤተሰብ ግን የፓርክ ዋጋ ትኬቱ ላይ የተጻፈው አይደለም። አንድነት ፓርክ ሲከፈት ለኢትዮጵያውያን መደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር። ለአምስት ሰው 1,000 ብር። በዚያ ላይ የአውቶቡስ፣ የማደሪያ፣ የምግብ። በሴፍቲኔት ለሚኖር የላይ ጋይንት ወይ የስማዳ ቤተሰብ ይህ የሽርሽር ወጪ አይደለም፤ የበግ ዋጋ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ገብቶባታል፤ ሴቶቿ የደረሰባቸውን ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ተቋማት ሳይቀሩ መዝግበውታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ዛሬ ከጋይንት ወይም ከእስቴ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚደርስ ሰው "ለመዝናናት" ብሎ አይነሳም። ወይ ታሞ ነው፣ ወይ ሥራ ፍለጋ፣ ወይ ለቅሶ። አክስታችን አንበሳ ያዩት ስለታመሙ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት።

ከሁሉም የከበደን ግን ሌላ ነገር ነው።

ፓርኩ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ሰሌዳ ነበር። ልጁ ጣቱን ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ። "አ... ን... በ..." እያለ። የ11 ዓመት ልጅ ነው። ታናሽ እህታችን ልታግዘው ስትጠጋ እናትየው በዓይን ከለከሏት። "ተያት፣ ይጨርሰው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አልሄደም። እዚህ እንኳ ያንብብ።"

በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ውጭ የሆኑ ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ የክልሉ ትምህርት ቢሮም የተባበሩት መንግሥታትም ሪፖርት አድርገዋል። እኛ ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል፤ እናንተም ብዙ ጊዜ አንብባችሁታል። ከቁጥሩ ውስጥ አንዱ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያነብ ስታዩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለዚያ ልጅ ያቺ ሰሌዳ የሁለት ዓመት የመጀመሪያ መማሪያ መጽሐፉ ነበረች።

ጨረሰውም። ጊዜ ወሰደበት፤ ከኋላችን ሰዎች ተሰልፈው ነበር፣ ግን ማንም "ቶሎ በሉ" አላለንም። ሲጨርስ አክስታችን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ቦታው ቤተ መንግሥት ነው ብለው ነው የተውት።

▪️ "እንስሳ መታጎር የለበትም" ለሚሉን

ይህን ጉዳይ ስናነሳ ሁልጊዜ የሚመጣ ክርክር አለ። "እንስሳን አጥር ውስጥ ከትቶ ማየት በራሱ ግፍ ነው፤ ጭራሽ መዘጋት አለበት" የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የ1999ኙን ዜና ያነበበ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

ግን ሌላውንም ጎን እንይ። የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ (ፕርዥቫልስኪ ይባላል) እ.ኤ.አ. ከ1969 በኋላ በዱር አልታየም ነበር፤ ጠፋ ተባለ። የተረፉት በየአገሩ አራዊት ማቆያ የነበሩት ብቻ ናቸው። በጥንቃቄ ተራብተው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ሞንጎሊያ ሜዳ ተመለሱ። ዛሬ እዚያ ይጋልባሉ። ማቆያው ባይኖር ፈረሱ የመጽሐፍ ሥዕል ይሆን ነበር።

እዚሁ አገራችን ደግሞ ሆለታ አቅራቢያ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማገገሚያ አለ፤ 77 ሄክታር ላይ ያረፈ። በሕገወጥ መንገድ ተይዘው፣ ታስረው፣ ተጎድተው የተገኙ እንስሳት የሚገቡበት ነው። መመለስ የሚችለው ወደ ዱር ይመለሳል፤ የማይችለው እዚያው ሰፊ ቦታ ላይ ይኖራል።

ስለዚህ ጥያቄው "ይኑር ወይስ አይኑር?" ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እንስሳው በቂ ቦታና ምግብ አለው? ማቆያው ዘሩ እንዳይጠፋ የሚሠራው ነገር አለ? ያየው ሰው አንድ አዲስ ነገር አውቆ ይወጣል? ሦስቱም "አዎ" ከሆኑ ማቆያው ሥራ እየሠራ ነው። ሦስቱም "አይ" ከሆኑ ያለው እስር ቤትና የፎቶ ቦታ ነው።

▪️ ጉና፦ አጥር የሌለው የእኛ ግቢ

ማታ ቤት ተመልሰን ቡና እየተፈላ ልጁ ሌላ ጥያቄ አመጣ። "እኛ ጋ ምን እንስሳ አለ?"

እናትየው መቁጠር ጀመሩ። ጅብ፣ ቀበሮ፣ ዝንጀሮ፣ ሚዳቋ፣ ጥንብ አንሳ። ከዚያ ቆም አሉና "ድሮ የነበረ፣ አሁን የሌለ ብዙ አለ" አሉ።

ከጋይንት፣ ከእስቴና ከፋርጣ መሃል የቆመው ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው ጣና ይገባሉ። ጣናን የሚመግብ ተራራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ይህ ተራራ ሌላም ክብር ነበረው፤ ሳይንቲስቶች ቀይ ቀበሮ ይኖርባቸዋል ብለው ከመዘገቧቸው ጥቂት ተራሮች አንዱ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በአጠቃላይ የቀረው ወደ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የጉናው መንጋ በየጥናቱ ሲጠቀስ ሁልጊዜም ከትንንሾቹ አንዱ ነበር።

ትንሽ መንጋ ደግሞ ለመጥፋት አንድ ክፉ ዓመት ይበቃዋል። ጠላቱ የታወቀ ነው፤ የገብስና የድንች ማሳ ሽቅብ እየወጣ ግጦሹንና ጓሳውን ይበላል፣ ከብት ሣሩን ይጨርሳል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ በሽታው በገባባቸው ዓመታት መንጋዎች አልቀዋል። እዚያ ውሻን በመከተብ ነው ብዙ የተዳነው።

ገበሬውን "ለምን አረስክ?" ማለት ቀላል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ። መሬት ያነሰው፣ ዝናብ የሚከዳው፣ ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ተራራ ላይ ቢያርስ ቀበሮ ጠልቶ አይደለም። ጉና የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ መከለሉ ጥሩ ጅምር ነው። ግን ክልል በወረቀት ብቻ ሲሆን የስድስት ኪሎው ታሪክ ነው የሚደገመው፤ ምልክት አለ፣ በጀት የለም።

እኛን የሚቆጨን ይኼ ነው፦ አንድ የንፋስ መውጫ ልጅ አንበሳን በሳንቲም፣ በቴሌቪዥን፣ ዕድል ከቀናው በአዲስ አበባ ያውቀዋል። በራሱ ተራራ ላይ ስለነበረው፣ በዓለም ላይ ከአንበሳ እጅግ ስለሚያንሰው ቀይ ቀበሮ ግን የነገረው ሰው የለም።

▪️ እና ምን ይደረግ?

ትልቅ ነገር አንጠይቅም። የሚቻለውን ብቻ።

1. በየማቆያው እያንዳንዱ እንስሳ ፊት ካርታ ይኑር። "አንበሳ" ብቻ ሳይሆን "ዛሬ በዱር የሚኖረው እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ነው" የሚል። ቋራ የሚለውን ስም አንድ የጋይንት ልጅ አንብቦ ቢወጣ ዓለሙ ይሰፋል። ጽሑፉ በትልልቅ ፊደል፣ በቀላል ቋንቋ ይሁን።

2. በወር አንድ ቀን ለተማሪዎች፣ ከክልል ለሕክምና ለመጡ ቤተሰቦችና ለተፈናቀሉ ልጆች ነፃ ይሁን። ሆስፒታል በር ላይ ቀጠሮ የሚጠብቁ ስንት ልጆች እንዳሉ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀጠሮ ካርድ ያሳየ ይግባ።

3. ጎንደር ያሉት ባዶ የአንበሳ ቤቶች እንደገና አንበሳ ይታሰርባቸው አንልም። ግን ስለ አላጥሽ አንበሳ የሚያስረዳ ሥዕልና ድምፅ ቢገባባቸው ምን ያህል ያስወጣል? ታሪኩም ቦታውም ተሠርቶ ተቀምጧል።

4. ጉና ላይ የሚሠራ ማንኛውም አካል ከውሻ ክትባት ይጀምር። ቀበሮውንም ሰውንም የሚያድን ነውና የጋይንትና የእስቴ ገበሬ አይጠላውም። ዝንጀሮና ጅብ ለሚያደርሱበት ጉዳት ደግሞ የሚሰማው ይኑር፤ "እንስሳ ጠብቅ" ብቻ ተብሎ እህሉ የሚበላበት ሰው አይጠብቅም።

5. ከሁሉ በፊት ግን ሰላምና ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤት በተዘጋበት አገር ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ማውራት ከንቱ ነው። ልጁ መጀመሪያ "አንበሳ" የሚለውን ማንበብ አለበት።

ለእናንተም ለስልክ ባለቤቶቹ። ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የመግቢያ ዋጋና የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ዋጋ ይቀያየራልና። ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ ሁሉም ይተኛል። ለእንስሳቱ ምግብ አትወርውሩ፣ አንበሳው እንዲነሳ ብላችሁ አትጩኹ። ከሁሉም በላይ አባትና እናቶቻችሁን "በልጅነታችሁ እዚህ ምን እንስሳ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ድምፃቸውን ቅዱ። ጉና ላይ፣ ስማዳ ገደል ውስጥ፣ በበሽሎ ዳር ምን እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የትም አልተጻፈም።

▪️ ልጁ ተመለሰ

አክስታችን ሕክምናቸውን ጨርሰው ባለፈው ሳምንት ተመለሱ። መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ጠብቀው፣ በሁለት ቀን ገቡ። በሰላም መግባታቸውን ሊነግሩን ሲደውሉ ልጁ ስልኩን ተቀበላቸው።

"ጋሼ፣ ለልጆቹ ነገርኳቸው።"

"ምን አልካቸው?"

"አንበሳ አገሩ ቋራ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። አንብቤ ነው አልኳቸው።"

ሰሌዳው ላይ ቋራ የሚል አልነበረም። ይህን የነገርነው እኛ ነን፣ ማታ ቡና ላይ። ግን አላረምነውም። ለአንድ ልጅ "አንብቤ ነው" ማለት መቻል ምን ማለት እንደሆነ ገብቶናልና። የቀረው የትልልቆቹ ሥራ ነው፤ ነገሩን እውነት ማድረግ። ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ትምህርት ቤቱም ይከፈትለት።

እናንተ ጋስ ድሮ የነበረ፣ አሁን ግን የጠፋ እንስሳ የትኛው ነው? ጻፉልን፤ ሰብስበን እንመለስበታለን።